ሁለት ዙር ነው ያላላሁት

በዚያ ሐሙስ ከጌዶ ወደ አምቦ በምትሄደው ሚኒባስ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ ሾፌሩ፤ ረዳቱ፣ እሱም የሾፌሩ ሚስት ወንድም ነው፤ ከፊት ወንበር የተቀመጡ ሁለት አስተማሪዎች፤ ጌዶ ላይ የልብስ ሱቅ ያለው፣ አገሩ ወደ ደቡብ የሆነ ሙስሊም ነጋዴ ከነጥቅሉ፤ የፍርድ ቤት ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው የተሳፈሩና ሁላችንም ኦቦ እያልን የጠራናቸው አንድ ሽማግሌ፤ ነርስነት የምትማር ልጅ፤ እኔ፤ የስምንት ዓመት ሴት ልጄ። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ፤ እግሩን መጥረቢያ የመታው ወጣት እና ታላቅ ወንድሙ።

ሰዎቹን የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የወጣቱን እግር ማሰሪያ ያላላው ማን እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ልጄ። የቀሩት ተማሪዋ በደንብ ስላላሰረችው ላላ ብለው ነው የሚያውቁት። እሷም ራሷ እንደዚያ ነው የምታውቀው። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

እህቴ ጌዶ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ሳምንት ሰንብቼ መመለሴ ነበር። ትምህርት ቤት በፈረቃ ስለነበር ልጄን ይዣት ነው የሄድኩት። የማስክ ጊዜ ነበር። ኬላ ላይ ማስክ የሌለውን ያስወርዳሉ ተብሎ ሁላችንም አድርገናል፤ ነጋዴው ብቻ አገጩ ላይ አንጠልጥሎታል። እኔ መንገድ ስወጣ ብዙ የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። ልጄን በር አጠገብ አላስቀምጥም፤ ውሃ ከቤት አፍልቼ አቀዝቅዤ ነው የምይዘው፤ ሾፌሩ ሲፈጥን "ቀስ በል ወንድሜ" ለማለት አላፍርም። በዚያ ቀንም ሁለት ጊዜ ብዬው፣ በሁለተኛው "እናት፣ እንግዲያው አንቺ ንጂው" ብሎኝ ሰው ሁሉ ስቋል።

ተማሪዋ ከጎናችን ነበረች። ጌዶ ለልምምድ ተመድባ ከርማ ወደ አምቦ መመለሷ ነው። ቀጭን ናት፤ ከማስኩ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ልጄን የራሷን ልብ አስደመጠቻት። ልጄ "ይሮጣል!" ብላ ጮኸች።

ከጌዶ ወጥተን ወደ ጉደር ቁልቁል ስንወርድ አንድ ሰው አስፋልቱ መሃል ቆሞ ሁለት እጁን ያወዛውዛል። ሾፌሩ ሊያልፈው መሪውን ጠመዘዘ።

"ሰክሮ ነው" አለ።

"ደም ነው! ቁም!" አለች ተማሪዋ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ይቆርጡ ኖሯል። መጥረቢያው ተንሸራትቶ የታናሽየውን ባት ሰንጥቆታል። ይበጃል ብለው የሚያውቁትን አድርገዋል፤ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ነስንሰው በነጠላ ጠቅልለውታል። ነጠላው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል፤ ጫፉም ይንጠባጠባል። ተሸክመው ሲያስገቡት ሾፌሩ ዞሮ ጮኸ።

"ወንበሬ ላይ አይደለም! መሬት ላይ አስተኙት!"

"ወንበርህን እኔ አጥብልሃለሁ፤ አንተ ዝም ብለህ ንዳ" አለው ነጋዴው።

"ታጥባለህ?"

"በሳሙና አጥበዋለሁ! ንዳ ብዬሃለሁ!"

ተማሪዋ ወንበሮቹ መካከል ተንበርክካ ነጠላውን ገለጥ አደረገችው። ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደሙ ዝም ብሎ የሚፈስ አልነበረም፤ ትር ብሎ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ትር ይላል። ልጄ ቅድም በጆሮዋ ያዳመጠችው ዓይነት ምት ነው። የልጄን ፊት ወደ ብብቴ አዞርኩት። ተማሪዋ ጨርቅ አጥፋ ቁስሉ ላይ አደረገችና ክንዷን ቀጥ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ቀና ብላ አላየችም። ቆይታ ግን "አልቆመም" አለች፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

"ሰፊ ጨርቅ! አጠር ያለ፣ ጠንካራ እንጨት ያለው ሰው!"

ነጋዴው ጥቅሉን በጥርሱ ፈትቶ ከአዲሶቹ ሻርፖች አንዱን መዘዘላት። እኔ እህቴ ቤት አጠገብ የገዛሁት የእንጨት ማማሰያ ፌስታሌ ውስጥ ነበር፤ ሰጠኋት። ሻርፑን ከጉልበቱ በላይ አዙራ ቋጠረችው፤ ቋጠሮው ላይ ማማሰያውን አጋድማ ደግማ ቋጠረችና ታጠመዝዘው ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ። ወጣቱ እንደ ታረደ ጮኸ። ሦስቴ ስታዞረው ደሙ ቆመ። እግዚአብሔርን አየሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስክሪብቶ አውጥታ ግንባሩ ላይ ጻፈችበት፤ 4፡20።

"ምነው ልጄ፣ ታርጋ ነው የምትለጥፊለት?" አሉ ኦቦ።

"ሰዓቱ ነው ኦቦ። ስንት ሰዓት ላይ እንደታሰረ ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው።"

ረዳቱ ጉደር ጤና ጣቢያ ይቀርበናል አለ። እሷ አምቦ ነው አለች፤ የፈሰሰው ደም መተካት አለበት፣ ቁስሉም መሰፋት አለበት፣ አምቦ ነው። ያቺ ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሾፌሩ እንኳ አልተከራከራትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እናቴ፣ የማማሰያውን ጫፍ ይያዙልኝ፤ እንዳይመለስ። እኔ ቁስሉን እጫናለሁ። ይህ ማሰሪያ በጣም ያማል፤ ይለምንዎታል። ቢለምንዎትም እንዳያላሉት። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አይፈታም።"

"እሺ ልጄ" አልኳት።

እሺ ብያታለሁ። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ማለት አልችልም።

ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ የቆሰለ እግሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር። ዕድሜው ከታላቁ ልጄ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም እያቀላቀለ ያቃስታል። "ሃዸ ኮ፣ ና ሂኪ" ይለኛል፤ እናቴ፣ ፍቺልኝ ማለቱ ነው። ኦቦ ከኋላ "ኦብሲ፣ ኦብሲ" ይሉታል፤ ታገሥ። እኔ ያልኩትን አላስታውስም። ልጄ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ታላቁ ልጄ መናገር አለብኝ፤ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ከዛፍ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ ዘንድ ወሰድኩት። ወጌሻው ጥሩ ሰው ነው፤ የብዙ ሰው እጅና እግር ጠግኗል። ሸንበቆ ሰንጥቆ፣ በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ጠበቅ አድርጎ አሰረለት። "እንዳትፈቺው፤ ከላላ ይወላገዳል" አለኝ። ልጄ ሦስት ቀን አለቀሰ። "እማዬ አላላልኝ፣ እጄን እየበላኝ ነው፣ እጄ የለም" ይለኛል። ጣቶቹ አበጡ፤ ቀዘቀዙ። እኔ ጠንቃቃ ነኝና የተባልኩትን ጠበቅሁ። በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ አልኩት። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው እጁን ከማዳን አልፎ ነበር። ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ዛሬ ትልቅ ልጅ ነው፤ በአንድ እጁ ጫማውን ያስራል፣ ይጽፋል፣ ይስቃል። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እኔ ግን በቤቴ የማንንም እጅ አጥብቄ አላስርም። የልጄን ጸጉር እንኳ ጠበቅ አድርጎ የሚሠራ ሰው ካየሁ እቆጣለሁ።

ጉደር መግቢያ ኬላ ላይ አስቆሙን። በዚያን ጊዜ እንደተለመደው ሁሉም ወርዶ ይፈተሻል። አስተማሪዎቹ ወረዱ፤ ነጋዴው፣ ኦቦ፣ ሁሉም ወረዱ። የወጣቱ ወንድም እጁም ልብሱም ደም በደም ስለሆነ ለብቻው ገለል አድርገው ይጠይቁት ጀመር። እሱ ደንግጦ አፉ ተሳስሯል። ጭቅጭቁ ሲረዝም ተማሪዋ ቁስሉ ላይ ያለውን ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ጠምጥማ አጥብቃ "ሁለት ደቂቃ ነው፤ ነግሬያቸው መጣሁ" ብላ ወረደች። በመስኮት አያታለሁ፤ የተማሪነት መታወቂያዋን ደም በነካው እጇ ይዛ ታስረዳለች።

መኪናው ውስጥ እኔ፣ ልጄና እሱ ብቻ ቀረን።

እግሩን ነካሁት። በረዶ ነው። ጣቶቹ ነጥተዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ሆኗል። ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። በዓለም ላይ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ያንን ቀለም ነው። ወጣቱ ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ "ሃዸ ኮ፣ እግሬ የለም" አለኝ።

ሁለት ዙር ነው ያላላሁት። ሁሉንም አልፈታሁም። ትንሽ ደም ይድረሰው፣ ትንሽ ይሙቅ፣ ከዚያ መልሼ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነው። ሰውነቱ ሲረግብ አየሁ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና "ገለቶሚ" አለኝ፤ አመሰገነኝ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ጨርቁ ከሥሩ ጠቆረ፣ ረጠበ፣ ሞቀኝ። ጉልበቴ ሞቀኝ። ማማሰያውን ልመልሰው ስታገል እጄ በደም ይንሸራተታል፤ ወደየት እንደሚዞር እንኳ ጠፋኝ፤ አንዴ ወደ ተሳሳተው አዙሬው ይልቁን አላላሁት።

ልጄ ናት የጮኸችው። "እማዬ ደም! ደም!"

ተማሪዋ ሮጣ ገባች። ምንም አልጠየቀችኝም። በጉልበቷ ብሽሽቱን ተጭና ማማሰያውን ከእጄ ወሰደችና አጠመዘዘችው፤ ሦስት፣ አራት ዙር። ደሙ ቆመ። ወጣቱ ግን ከንፈሩ አመድ መስሎ ዓይኑ ተገለበጠ።

"ላላብኝ" አለች። "አላጠበቅሁትም ነበር ማለት ነው። እንዴት አላጠበቅሁትም?"

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። እኔ ነኝ፣ ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ሰዎቹ እየተጋፉ ገቡ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፣ ነጋዴው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ፤ እሷ "ማሰሪያው ላላ፣ የኔ ጥፋት ነው" አለችው። ዝም አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኔን አላነሳሁላትም።

አምቦ ሐኪም ቤት ስንደርስ ባለ ጎማ አልጋ እየገፉ መጡ። አንዲት ትልቅ ሲስተር ግንባሩ ላይ ያለውን ሰዓት አነበበች፤ የተነከረውን ጨርቅ አየች።

"ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ" አለች ተማሪዋ። "መንገድ ላይ ላላብኝ። ደግሜ አጠበቅሁት።"

"ላላብኝ? እንዲህ ነው የሚያስተምሯችሁ? ያፈሰሰውን ደም አላየሽም?"

ሲስተሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እየሮጠች ነው የተናገረችው። አልጋውን ገፍተው ገቡ። ተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ማስኩ በዕንባ ርሶ አፏ ላይ ተጣብቋል፤ አላወለቀችውም። ደም የሚሰጥ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ እጅጌዋን የሰበሰበችው እሷ ናት። ነጋዴው ቀጠለ፣ ወንድምየው ቀጠለ። እኔን ሲያዩኝ "ትንሽ ልጅ ይዣለሁ" አልኩ። ልጅ መያዜ እውነት ነው። ደም ላለመስጠት የሚበቃ ምክንያት ግን አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ስንለያይ ተማሪዋ ወደ እኔ መጣች። ትወቅሰኛለች ብዬ ልጄን ወደ እኔ ሳብኳት።

"እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። "እርስዎ ባይይዙልኝ ጭራሽ ያልቅ ነበር።"

ማማሰያዬን አጥባ መለሰችልኝ። ተቀበልኳት።

ቤት ስንገባ ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቀችኝ። "እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያላላሽው? ለምን አልነገርሻትም?" ልጄን ውሸት እንዳትናገር በቁንጥጫ ያሳደግሁ እናት ነኝ። "ዝም በይ፣ አንቺ አላየሽም" አልኳት። አይታ ነበር። ዝምም አለች። ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም፤ ዝም ማለትን ከእኔ ተማረች ብዬ ነው የማስበው።

ከዓመት በኋላ በቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽኗ ሴቶቹን ሰብስባ ስለ ደም መፍሰስ አስተማረችን። ጎረቤቴን አስተኝታ በመቀነት እግሯን ስታስር ሴቶቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

"አጥብቂያት፣ ገበያ ለገበያ እየዞረች አስቸግራናለች!" አለች አንዷ።

"አፏንም ጨምሪልን!" አለች ሌላዋ።

እኔ አልሳቅሁም። እጄን አወጣሁ። "ታስሮ እግሩ ቢቀዘቅዝስ? ሰማያዊ ቢሆንስ?"

"ይቀዘቅዛል። ታስሯላ። ደም የሚፈስ ሰው በደቂቃ ነው የሚሞተው፤ የታሰረ እግር ግን ሁለት ሰዓት ይታገሣል። ስለዚህ አንዴ ከታሰረ ሐኪም እስኪያየው አይነካም።"

"የልጄ እጅ ግን…"

"ያንቺ ልጅ ስብራት ነበረው፤ ደም አልነበረም። ሦስት ቀን ነው የታሰረው። እሱ መፈታት ነበረበት። ይሄኛው መፈታት የለበትም።"

እንደዚህ አጭር ነገር ነው። መፈታት ያለበትን አልፈታሁም፤ መፈታት የሌለበትን ፈታሁ። ሁለቱንም ተጠንቅቄ ነው ያደረግሁት።

ወጣቱን ሞቷል ብዬ ነበር የማስበው። ከዓመታት በኋላ ጉደር ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ "ባለ ማማሰያዋ እናት!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆሟል። በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ቀኙን ትንሽ ይጎትታል። አቅፎ ሳመኝ። ፊቱን ዳሰስኩት።

"ተረፍኩ እኮ!" አለኝ። "የስንት ሰው ደም ገባብኝ መሰለሽ? ነጋዴው ሙስሊም፣ ልጅቱ ጴንጤ፤ አሁን በየትኛው እንደምጸልይ ጠፍቶኛል።"

ሳቅሁ። ከዚያ የቀጠለው ነው የገደለኝ።

"ያቺ ተማሪ ግን፣ ቋጠሮ የለመደችው እኔ ላይ ነው!" ብሎ ሳቀ። "የሳቅ ነገር እንኳ አይደለም፤ ሦስት ቀን እየመጣች ጠየቀችኝ። አልጋው ጫፍ ቁጭ ብላ ይቅርታ ትለኛለች። ተይ፣ ድኛለሁ ብላት አትሰማም። እጄ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ሰው ከምገድል ትምህርቱን ትቼ ባኮ አባቴ ጋ በቆሎ እፈለፍላለሁ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሄደች፤ አልተመለሰችም።"

ማሰሪያውን ሳላላለት ገለቶሚ እንዳለኝ እንኳ አያስታውስም። ያኔስ ነገርኩት ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልነገርኩትም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እያቀፈኝ፣ እናቴ እያለኝ፣ አልቻልኩም። "እንዴት ያለች ልጅ ነበረች" ብቻ ብዬ ሽንኩርቴን ከፍዬ ሄድኩ። ስልኩን እንኳ አልተቀበልኩትም።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ሰምተው ሲያበቁ "ለእኔ መንገርሽ ጥሩ ነው፤ መስማት ያለባት ግን እሷ ናት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፈልጌያታለሁ። አምቦ የጤና ተማሪዎች ከሚማሩበት ግቢ በር ሄጄ ዘበኛውን ጠየቅሁ። "ስሟ ማን ነው?" አለኝ። አላውቅም። "መልኳስ?" አለኝ። ማስክ አድርጋ ነበር። "እናቴ፣ በዚያን ጊዜ ሁሉም ማስክ አድርጎ ነበር" ብሎ አዘነልኝ። ባኮ በሚመላለሱ የጭነት ሾፌሮችም አስጠይቄያለሁ፤ በቆሎ የሚያርስ አባት ያላት ልጅ ብላቸው "ባኮ ሌላ ምን የሚያርስ አለ?" ብለው ሳቁብኝ።

ለታላቁ ልጄ ባለፈው ወር ነገርኩት። የተቆረጠ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ እስክጨርስ ሰማኝና "ጻፊው እማዬ፤ ሰው ያነበዋል" አለኝ። አምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ እሱ ነው ፊደሉን ያቃናልኝ። ሲያቃና አንድ ቃል አልለወጠም፤ ስለ እጁ የጻፍኩትንም አላስወጣም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በባኮም በአምቦም በሌላም ያላችሁ፤ በማስኩ ጊዜ አምቦ ነርስነት ትማር የነበረች፣ ከጌዶ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ እግሩን መጥረቢያ የመታው ልጅ ገጥሟት ያሰረችለት የባኮ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ ቋጠሮዋ አልላላም፤ እኔ ነኝ ያላላሁት በሉልኝ። ለእኔም ወሬዋን አድርሱልኝ፤ ትምህርቷን ጨረሰች ወይስ ተወችው? የት ነው ያለችው? ደህና ናት?